ወፍ የማይሰማበት ክፍል

ተራኪው የተገኘው ማይክሮፎኑ ሥር ወድቆ ነው።

ወንበሩ አልተገለበጠም። መነጽሩ አልተሰበረም። ሲያነበው የነበረው መጽሐፍ ከጭኑ ተንሸራትቶ ወለሉ ላይ እንደተከፈተ ቀርቷል። የሻይ ስኒው ብቻ ተደፍቶ ምንጣፉን አርሶታል። መቅጃው አሁንም ይሠራል፤ ቀይዋ መብራት ትበራለች። የሚቀዳው ግን ዝምታ ነው።

ያገኘችው ልጁ ናት። የዓይነ ስውራን ትምህርት ቤት የሒሳብ መምህርት ስትሆን አባቷን ልትጠይቅ ከሥራዋ በቀጥታ መጥታ ነበር። በሩን ስትከፍት አባቷ ጉንጩ እንደ ሕፃን ቀልቶ ተጋድሟል። እንቅልፍ የጣለው መስሏት ፈገግ አለች። ከዚያ ጠራችው። አልመለሰም። ደግማ ጠራችው።

የእንጀራ እናቷ ግቢ ውስጥ ጨርቅ ስታጥብ ነበር። ጩኸቱን ሰምታ እጇ ውሃ እያንጠባጠበ ሮጠች። ሁለቱ ሴቶች አንዷ በትከሻው፣ አንዷ በእግሩ ይዘው ወደ ግቢ አወጡት። ከዚያ ቀን በፊት አንድም ነገር አብረው አንሥተው አያውቁም።

አምቡላንሱ ከግቢ እንደወጣ መምህርቷ ፖሊስ ጋ ደወለች።

«አባቴ ተመርዟል» አለች። «ማን እንደመረዘውም አውቃለሁ።»

ጉዳዩ የተሰጣት መርማሪ በጣቢያው ውስጥ «ድገሙልኝ» በሚል ቅጽል ስም ትታወቃለች። የነገሯትን ሁሉ ሁለተኛ ሳታስደግም አታልፍም። ሰው ሲደግም አንድም ይጨምራል፣ አንድም ይጥላል ባይ ናት፤ እሷ የምትለቅመው ያንን የተጨመረውን ወይም የወደቀውን ነው። «ኢንስፔክተር» ብሎ የሚጠራት አብሯት የሚሠራው ሳጅን ብቻ ነው። እሱም ያጠፋ ቀን።

መምህርቷን ያገኘቻት ሆስፒታሉ ኮሪደር ላይ ነው። መምህርቷ እየቆመች፣ እየተቀመጠች፣ እንደገና እየቆመች ተረከችላት። አባቷ ዕድሜውን በሬዲዮ ሲተርክ የኖረ ሰው ነው። ጡረታ ሲወጣ ድምፁን አጣጥፎ ቁም ሣጥን ውስጥ ማስቀመጥ አልሆነለትምና ለልጁ ተማሪዎች መጻሕፍት እያነበበ መቅዳት ጀመረ። ልጆቹ «አባ ድምፁ» ይሉታል። ትምህርት ቤቱን የጎበኘ ዕለት አንዷ ተማሪ እጁን ይዛ አለቅም ብላ ነበር። የመምህርቷ እናት ካረፈች ከዓመታት በኋላ አንዲት ልብስ ሰፊ አገባ። መምህርቷ ያኔ እሺም አላለች፣ እምቢም አላለች። እስከ ዛሬም ሴትየዋን «ሴትየዋ» ነው የምትላት።

«ሕመሙ መቼ ጀመረ?»

«በቅርቡ ነው። ራሱን ያመዋል። ያቅለሸልሸዋል። ቃላት ይጠፉበታል። ለአባቴ እኮ፣ ቃላት።»

«ሁልጊዜ ነው?»

«በሚያነብባቸው ቀኖች ብቻ። እሷ ሻይ ይዛለት በምትገባበት ጊዜ። ከዚያ እኔ ቤት ይዤው ስመጣ እራት ሳይቀርብ ይሻለዋል። እዚያ ይታመማል፣ እኔ ጋ ይድናል። እርስዎ ቢሆኑ ምን ይላሉ?»

«እኔ ገና ምንም አልልም። እሷን ያማታል?»

«እሷማ ምን ትሆናለች።»

«እስቲ ድገሚልኝ።»

መምህርቷ ደገመች። በሁለተኛው ላይ አንድ ነገር ጨመረች፦ አባቷ የወደቀው እሷ ራሷ ባሠራችለት ክፍል ውስጥ ነው። የልደት ስጦታው ነበር። ረጅም ዘመን እንዲያነብበት ብላ።

ሐኪሙ ግራ ገብቶታል። የልብ ምርመራው ደኅና ነው። የአንጎሉ ፎቶ ንጹሕ ነው። ጣቱ ላይ የተደረገችው ትንሿ መለኪያ የደሙ ኦክስጅን ሙሉ ነው ትላለች። ሆኖም አምቡላንስ ውስጥ የተደረገለትን የኦክስጅን ጭምብል አላወለቁለትም። ከጨጓራው የተወሰደው ናሙና ለመርዝ ምርመራ ሄዷል። ሰውየው አልነቃም፤ ይነቃል ብሎም የሚምል የለም።

መምህርቷ ለበር ጠባቂው ሴትየዋን እንዳያስገባ ነግራዋለች። ነገሩ አያስፈልግም ነበር። ሳጅኑ ቀድሞ ወደ ጣቢያ ወስዷታል።

ልብስ ሰፊዋ የልብስ መለኪያ ሜትሯ አንገቷ ላይ እንደተንጠለጠለ ነው የመጣችው። ማንም አላስተዋለላትም፤ እሷም ረስታዋለች።

«ሻዩ ውስጥ ምን ይጨምራሉ?» አለቻት መርማሪዋ።

«ዝንጅብልና ማር።»

«ሌላስ?»

«ውሃ።»

ሳጅኑ ጉሮሮውን የጠረገ መሰለ። ሳቁን እየደበቀ ነው።

«እናቴ፣ የቀልድ ጊዜ አይደለም።»

«መች ቀለድኩ? ጠየቅሽኝ፣ መለስኩልሽ።» ሴትየዋ እጆቿን ጭኗ ላይ አደረገች፤ ጣቶቿ ከውሃ ብዛት ተጨማደዋል። «ልጄ፣ የፈለግሽውን እመልስልሻለሁ። አልጋው አጠገብ ልሁን ብቻ። ብትፈልጉ ከአልጋው ጋር እሰሩኝ። ሽማግሌዬ የሚሰማው ሰው ከሌለ መናገር አይችልም። ቢነቃና ሰው ቢያጣ፣ ተመልሶ ይተኛል።»

መርማሪዋ፣ እሳቸው ሲያነቡ እርስዎ ምን ያደርጋሉ ስትል ጠየቀቻት።

«ዝም እላለሁ።»

«ዝም ማለት ሥራ ነው?»

«ተራኪ አግቢና ታዪዋለሽ።»

ከዚያ አብራራችላት። የስፌት መኪናዋ አሮጌ ነው፤ ሲሽከረከር ግድግዳው ይሰማዋል። ስለዚህ እሱ ማንበብ ሲጀምር መኪናውን ታቆማለች፤ ሻዩን ታስገባለታለች፤ በሩን ቀስ ብላ ትዘጋለታለች። እሷም ግቢ ወጥታ ድምፅ የሌለውን ሥራ ትሠራለች፤ አዲስ ጨርቅ መንከር። ሳይነከር የተቆረጠ ጨርቅ በመጀመሪያው እጥበት ያጥራል። ደንበኛ ደግሞ ጨርቁን አይሰድብም፤ ሰፊውን ነው የሚሰድበው።

«ይድገሙልኝ።»

ሴትየዋ ተነፈሰችና ደገመች። መኪናውን አቆማለሁ። ሻዩን አስገባለታለሁ። በሩን እዘጋለሁ። ግቢ እወጣለሁ። ሙቁን ቧንቧ ከፍቼ ጨርቁን እነክራለሁ።

በመጀመሪያው ላይ «ሙቁን ቧንቧ» የሚለው አልነበረም። መርማሪዋ ለጊዜው ምን እንደምታደርገው ባታውቅም አእምሮዋ ውስጥ አስቀመጠችው።

ቤቱ ንጹሕ ነው። ሳሎኑ በአንድ ግድግዳ በኩል የስፌት መኪና፣ በሌላው የመጻሕፍት መደርደሪያ አለው፤ መካከል ላይ ሁለት ሰው አጠገብ ለአጠገብ የሚቀመጥበት አሮጌ ሶፋ። የሶፋው አንድ ጎን በክር ብናኝ፣ ሌላው በመጽሐፍ አቧራ ተሞልቷል። ሳጅኑ ይህንን አይቶ ይህች ሴት ባሏን አልመረዘችም ብሎ ለመናገር ምንም አልቀረውም ነበር። ግን ሶፋ ማስረጃ እንዳልሆነ ያውቃል።

መታጠቢያ ቤቱ ውስጥ በረኪናና የሽንት ቤት አሲድ ጎን ለጎን ቆመዋል። ሳጅኑ ፊቱ በራ። ሁለቱ ሲቀላቀሉ ክሎሪን የሚባል መርዛማ ጋዝ እንደሚወጣ ያውቃል፤ እናቱ አንድ ጊዜ «ይበልጥ እንዲያነጣ» ብላ ቀላቅላቸው ዓይኗን እያሸች ከቤት ወጥታ ሮጣለች።

«እናትህ ሮጡ» አለች መርማሪዋ። «ያ ጋዝ መጀመሪያ ዓይንና ጉሮሮ ነው የሚይዘው። ያስለቅሳል፣ ያስላል፣ ያስሮጣል። የኛ ሰው ግን ከወንበሩ አልተነሡም። ሳል አለ የለም የሚለውን ከቅጂው እንሰማለን።»

ወደ ንባብ ክፍሉ ገቡ። በፊት ዕቃ ቤት ነበር። አሁን ግድግዳውና ጣራው ሁሉ ችፑድ ተመቶበት፣ በችፑዱ ላይ ወፍራም ስፖንጅ ተለጥፏል። የበሩ ጠርዝ ዙሪያውን ላስቲክ አለው፤ ሲዘጋ እንደ ጠርሙስ ክዳን ነው። በሩ ላይ ትንሽ መስታወት አለች። የማስቲሽ ሽታ ገና አልለቀቀውም፤ ሳጅኑ ብዙ ሳይቆይ ዓይኑን ማሸት ጀመረ።

«ይሄው» አለ። «ይሄ ነው። እኔ ራሴ እያለቀስኩ ነው።»

«አንተ ፊልም ስታይም ታለቅሳለህ።»

በክፍሉ ጥግ ከባድ መጋረጃ አለ። ስፌቱ የልብስ ሰፊዋ እንደሆነ ያስታውቃል፤ ጠርዙ ሁለት ጊዜ ታጥፎ ተመትቷል። ከመጋረጃው ጀርባ ጠባብ ጓዳ፣ ጓዳዋ ውስጥ በጋዝ የሚሠራ የውሃ ማሞቂያ ተሰቅሏል። ሲሊንደሩ ውጭ ነው። ሳጅኑ የሳሙና አረፋ ሠርቶ የቱቦውን መገጣጠሚያዎች አንድ በአንድ ቀባ። አረፋው አንድም ቦታ አልተነፋም። የሚያፈስ ጋዝ የለም። የጋዝ ሽታም የለም።

በማግስቱ የሻዩ ውጤት መጣ። ሳጅኑ አነበበላት፦ ዝንጅብል፣ ማር።

ወረቀቱን እያጠፈ «እና ውሃ» አለ።

የጨጓራውም ናሙና ንጹሕ ነው። መምህርቷ ግን አልተቀበለችውም። በምርመራ የማይገኝ መርዝ ሞልቷል አለች፤ ሴትየዋ ከተለቀቀችና አባቷ አጠገብ ከደረሰች ኃላፊነቱ የፖሊስ ነው። ዐቃቤ ሕጉም ሰውየው እስኪነቃ ወይም ሌላ ምክንያት እስኪገኝ ድረስ ሴትየዋ ትቆይ አለ። ሰውየው ሳይነቃ ቢሞት ክሱ ምን እንደሚሆን ማንም ጮክ ብሎ አልተናገረም።

መርማሪዋ ቅጂዎቹን ወስዳ ማዳመጫ ጆሮዋ ላይ አደረገች። ተራኪው ሲያነብ የነበረው ረጅም የፍቅር ልቦለድ ነው። አንድም ሳል የለም። ክሎሪኑን ከዝርዝሯ አወጣችው። ማዳመጧን ግን አላቆመችም። ምሳ ሰዓት ላይ ሳጅኑ ዳቦ ይዞላት ሲመጣ አንዱን ጆሮ ለቀቀችለት። ሲመሻሽ እሱም ወንበሩን ስቦ ተቀምጦ ነበር።

«ይጋባሉ?» አለ።

«ዝም ብለህ ስማ።»

የሰማችውን በሦስት ከፈለችው። ክፍሉ ስፖንጅ ከመልበሱ በፊት በተቀዱት ላይ ከተራኪው ድምፅ ጀርባ ወፎች ይንጫጫሉ። አንዳንዴ ወፎቹ ሲብሱ ቆም ብሎ «እናንተም የምትሉት አላችሁ» ይላቸውና ይቀጥላል። ራቅ ብሎ ደግሞ አንድ «ዱፍ» የሚል ድምፅ አለ፤ ማሞቂያው ሲለኮስ ነው። ከዱፉ በኋላም ድምፁ እስከ መጨረሻው ጥርት እንዳለ ነው። ሻዩንም ፉት ሲል ይሰማል።

ክፍሉ ስፖንጅ ከለበሰ በኋላ ወፎቹ የሉም። ዱፉ አለ። ከዱፉ በኋላ ተራኪው ለጥቂት ገጾች ደኅና ያነብባል። ከዚያ አንድ መስመር ይዘልላል። ተመልሶ ያነብበዋል። የገጸ ባሕርዪዋን ስም ይስታል። ያዛጋል። «ምን ነካኝ ዛሬ» ይላል። ንባቡ እየተጎተተ፣ እየከበደ ሄዶ መቅጃውን ያጠፋል። በመጨረሻው ቅጂ ላይ አላጠፋውም።

ሦስተኛው አንድ ቅጂ ብቻ ነው። ያን ቀን ባለቤቱ የሙሽራ ልብስ ለመለካት ወጥታለች፤ ለአድማጮቹ እንደ ወሬ ነግሯቸዋል። ሻዩን በፔርሙስ አዘጋጅታለት ሄዳለች። ሲቀዳው ይሰማል፣ ፉት ሲል ይሰማል፣ ደግሞ ሲቀዳ ይሰማል። ፔርሙሱን ጠጥቶ ጨርሷል። ወፍ የለም። ዱፍም የለም። ንባቡ ግን ከጥንቱ የማያንስ ነው፤ እንዲያውም አንድ የጠብ ትርኢት ላይ ሁለት ሴቶችን ሆኖ ተሳድቧል።

መርማሪዋ ማዳመጫውን አወለቀች።

«ሻዩን ጠጡ፣ አልታመሙም። ክፍሉ ውስጥ ዋሉ፣ አልታመሙም። ማስቲሹን ሲያሸቱ ዋሉ፣ አልታመሙም። የታመሙት ማሞቂያው ሲበራ ነው።»

«ግን ድሮም ይበራ ነበር» አለ ሳጅኑ። «ወፎቹ እያሉ ይበራ ነበር፣ ምንም አልሆኑም። ወይስ መድኃኒቱ ወፍ ነው?»

እሱ ለቀልድ ነው ያለው። እሷ ግን ቀና ብላ ለረጅም ጊዜ አየችው።

«ወፎቹ የት ሄዱ?» አለች።

ወፎቹ አልሄዱም። ከቤቱ ጀርባ ዞረው ሲያዩ ግድግዳው ላይ ከፍ ብሎ የብረት ፍርግርግ አለ፤ ከፍርግርጉ ገለባ ተንጠልጥሏል፣ ሁለት ድንቢጦችም ገባ ወጣ ይላሉ። ፍርግርጉ ያለው በትክክል ከጓዳዋ ጀርባ ነው። መርማሪዋ ወደ ውስጥ ተመለሰች፤ መጋረጃውን ገልጣ ቀና አለች። በውስጥ በኩል ፍርግርግ የለም። ስፖንጅ ነው። ሳጅኑ በጩቤ ቢቀደው ችፑድ ነው፤ ችፑዱን ቢፈለቅቁት ቀዳዳው በፕላስቲክና በጨርቅ ተጠቅጥቆ ተደፍኗል።

ክፍሉን የሠራው አናጺ በስልክ ተገኘ። አዎ፣ እሱ ነው የደፈነው። ለምን? አሠሪዋ አዘዘችው። መጀመሪያ ይህ የአየር መውጫ ነው፣ ክፍት ይቅር ወይ ብሎ ጠይቋት ነበር። አንዲት ወፍ እንኳ እንዳትሰማ አለችው። ገንዘቡን የከፈለችው እሷ ናት፤ ደፈነው።

መርማሪዋ ከአናጺው በኋላ ለሐኪሙ ደወለች። አንድ ጥያቄ ብቻ ነበራት፦ ሰውየው ሆስፒታል በገቡባት ደቂቃ የተቀዳው ደም አልተጣለም? አልተጣለም። እንግዲያው ካርቦን ሞኖክሳይድ እንዳለበት ይታይልኝ አለች።

ሐኪሙ «ያንን ምርመራ እኛ አልጠየቅንም» አለ፤ ሰበብ አላበዛም። ውጤቱን ይዞ ሲደውልላት ድምፁ ተለውጦ ነበር። ደሙ በጋዙ ተሞልቶ ነበር። የጣቷ መለኪያ የምታየው የደሙን ቅላት ነው፤ ይህ ጋዝም ደምን ያቀላዋልና መለኪያዋ ኦክስጅን ነው ብላ ትቆጥረዋለች። ጉንጮቹም የቀሉት ለዚሁ ሳይሆን አይቀርም። ያቆየው አምቡላንስ ውስጥ ያደረጉለት ጭምብል ነው። ከዚያም በፊት፣ ከክፍሉ ቶሎ መውጣቱ።

«ትንሽ ቢቆይ ኖሮ?»

«ስለ ሕክምና አንነጋገርም ነበር» አለ ሐኪሙ።

መምህርቷን ወደ አባቷ ቤት ጠሯት። ግቢው ውስጥ ቆማ ጠበቀቻቸው፤ ጥርሷን ነክሳ፣ እጆቿን አጣምራ። የእሳት አደጋ ባለሙያ አንድ ትንሽ የጋዝ መለኪያ ይዞ መጥቷል።

«መርዙን አገኛችሁት?» አለች።

«አግኝተነዋል» አለች መርማሪዋ። «አሁን እናሳይሻለን።»

ሳጅኑ የፈለቀቀውን ችፑድና ስፖንጅ እንደነበረ መልሶ ገጠመ። መለኪያው ተራኪው በሚቀመጥበት ወንበር ላይ ተደረገ። በሩ ተዘጋ። መርማሪዋ ራሷ ግቢ ውስጥ ሙቁን ቧንቧ ከፈተች፤ ዱፍ አለ። ከዚያ ሁሉም በበሩ መስታወት በኩል ወንበሩን ማየት ያዙ።

ለጊዜው ምንም የለም። ባለሙያው ዝቅ ባለ ድምፅ አስረዳቸው። ቤት ውስጥ የሚያስቸግር ጋዝ ብዙ ነው። ከአዲስ ችፑድና ከማስቲሽ ፎርማልዴሃይድ ይወጣል፤ ዓይን ይቆጠቁጣል፣ ጉሮሮ ይከረክራል፤ ከዚያ ጋር ለዓመታት መኖር ጥሩ አይደለም፣ ግን ሰውን በአንድ ከሰዓት በኋላ አይጥልም። የምድጃ ነበልባልም ደረት የሚያፍን ጋዝ አለው፤ አስም ያለበት ሰው ቶሎ ያውቀዋል። እነዚህ ሁሉ ራሳቸውን ያስታውቃሉ። ይህኛው ግን አያስታውቅም። እሳት አየር ሲያጥረው በደንብ አይነድም፤ በደንብ ያልነደደ እሳት ካርቦን ሞኖክሳይድ ይተፋል። ቀለም የለውም፣ ሽታ የለውም፣ አያስለቅስም። ደም ውስጥ ገብቶ የኦክስጅንን ቦታ ይይዛል። ሰውየው የደከመው ወይም ያረጀ ይመስለዋል። ይህ ማሞቂያ የጭስ ማውጫ ቱቦ ሳይገጠምለት የተሰቀለ ነው፤ የሰቀለውም ሰው ይጠየቅበታል። እስካሁን ይዞት የነበረው ያ ቀዳዳ ብቻ ነው።

መለኪያው መጮህ ጀመረ።

ሳጅኑ ሊያጠፋው በሩን ገፋ። መርማሪዋ በቀበቶው ይዛ መለሰችው።

«ወዴት ነው?»

«እየጮኸ ነው እኮ።»

«ለዚህ ነው የሚጮኸው።»

ቧንቧውን ዘጉት፤ ባለሙያው ጭምብሉን አጥልቆ በሩን ከፈተው። መምህርቷ ከመስታወቱ አልተነቃነቀችም። ሒሳብ የምታስተምር ሴት ናት፤ ማንም ደምሮ እንዲነግራት አያስፈልግም።

«መጋረጃው» አለች በመጨረሻ። «መጋረጃው ነዋ። መጋረጃውን የሰፋችው እሷ ናት።»

«መጋረጃ ድምፅ ያፍናል። ጋዝ ያሳልፋል።»

«ሙቅ ውሃውን የምትከፍተው እሷ ናት።»

«ለዓመታት ስትከፍተው ኖራለች። የስፌት መኪናዋ እንዳይረብሻቸው ብላ። እሷ ውጭ፣ አየር ላይ ነው የምትቆመው፤ የማታመውም ለዚያ ነው።» መርማሪዋ ድምፅዋን ዝቅ አደረገች። «አናጺውን አነጋግረነዋል።»

መምህርቷ የግቢው ደረጃ ላይ ተቀመጠች።

«ተማሪዎቼ ናቸው» አለች። «ወፎቹ ሲጮኹ ይስቃሉ። አንድ ቀን አንዱ ተነሥቶ ‹አባ ድምፁ ዶሮ ቤት ነው እንዴ የሚኖሩት› አለ። ክፍሉ በሙሉ ሳቀ። እኔም አብሬ ሳቅሁ። ቤት ስገባ ግን ከነከነኝ። አባቴ እንዲሳቅበት አልፈለግሁም። ያ ድምፅ ከእሱ በኋላ የሚቀረኝ ነገር ነው፤ ንጹሕ ሆኖ እንዲቀር ፈለግሁ።» ቀና አለች። «እሰሩኝ።»

«እሱን ዐቃቤ ሕግ ይወስናል። እኔ የምጽፈው ያየሁትን ነው፤ የመግደል ሐሳብ አላየሁም። ያየሁት ሁለት ሴቶች አንድን ሰው ጸጥታ ሊያስገኙለት ሲሽቀዳደሙ ነው። አንቺ ቀዳዳውን ዘጋሽ፣ እሷ የስፌት መኪናዋን አቆመች።»

መርማሪዋ የምትለውን ጨርሳ ነበር። ግን ጥቂት አሰበችና አጠገቧ ተቀመጠች።

«ደግሞ ያወጣችኋቸውም ሁለታችሁ ናችሁ። ለብቻሽ አትችያቸውም ነበር።»

ስልኳ የጮኸው ያን ጊዜ ነው። ሐኪሙ ነበር። ሰውየው ዓይናቸውን ከፍተዋል፤ የመጀመሪያ ጥያቄያቸው ባለቤታቸው የት እንዳለች ነው።

መምህርቷ ተነሣች። ጣቢያ ሄጄ እኔ ላምጣት አለች። ሳጅኑ ኢንስፔክተሯን ዓይን ዓይኗን አየ፤ ኢንስፔክተሯ ራሷን በእሺታ ነቀነቀች።

ወደ ሆስፒታል መኪናውን የምትነዳው መምህርቷ ናት። ልብስ ሰፊዋ ነገሩን ከመርማሪዋ በስልክ ሰምታዋለች። ሜትሯን ከአንገቷ አውርዳ ጣቷ ላይ እየጠቀለለች፣ እየፈታች፣ መንገዱን ታያለች። መምህርቷ ቀይ መብራት ላይ ስትቆም ወደ እሷ ዞረች። እንባዋ ይወርድ ነበር።

«ወደፊት እያየሽ ንጂ» አለቻት ልብስ ሰፊዋ። «ሁላችንም ሆስፒታል ከገባን ማን ይጠይቀናል?»

የበር ጠባቂው ሴትየዋን አይቶ እንደታዘዘው ሊከለክል ተነሣ። መምህርቷ ክንዷን ያዘችና አሳለፈቻት።

ተራኪው ጭምብሉ ውስጥ ሆኖ ሁለቱን አያቸው። መጀመሪያ አንዷን፣ ከዚያ ሌላዋን፣ ከዚያ ተያይዘው መምጣታቸውን። ቅንድቡን አነሣ። ድምፁ ሲመጣ ጎርናና ነው፤ ግን የእሱ ነው።

«ማን ነው የጣለኝ?»

«ማሞቂያው ነው» አለች ልብስ ሰፊዋ ቶሎ ብላ። «አሮጌ ማሞቂያ። ዝም ብለህ ተኛ።»

«እኔ ነኝ፣ አባዬ» አለች ልጁ። «የአየሩን ቀዳዳ ያስደፈንኩት እኔ ነኝ። ወፎቹ እንዳይሰሙ ብዬ። አንተ ስትወድቅ ደግሞ እሷን አሳሰርኳት። ይቅርታ መጠየቅ ያለብኝ ሁለታችሁንም ነው፤ ከማንኛችሁ እንደምጀምር አላውቅም።»

ሽማግሌው ልጁን ለረጅም ጊዜ አያት። ከዚያ ጭምብሉን ከፍ አደረገ።

«ቅጂው ግን» አለ፣ «ጥርት ያለ ነበር።»

ልጁ ሳቀች፤ ሳቁ መሃል ላይ ልቅሶ ሆነ። ልብስ ሰፊዋ አልሳቀችም። ጭምብሉን መልሳ አፍንጫው ላይ አደላደለችለትና ላስቲኩን ከጆሮው ጀርባ አስተካከለች።

«እሷን ነው የምታጽናናው፣ እኔን?» አለችው። «የታሰርኩት እኔ ነኝ።»

ከጭምብሉ ሥር «ሁለታችሁንም» አለ። «ትንፋሽ ሳገኝ። በየተራ።»

አልጋው አጠገብ ያለው ወንበር አንድ ነው፤ መምህርቷ ሰሞኑን የተቀመጠችበት። ተነሥታ ለእንጀራ እናቷ ለቀቀችላት፤ ራሷ ወደ በሩ ፈቀቅ አለች። ልብስ ሰፊዋ ተቀመጠች፤ የባሏን እጅ ያዘች። ቀና ብላ አላየቻትም።

«ሌላ ወንበር ፈልገሽ ነይ» አለቻት። «ዛሬ የትም አንሄድም።»